ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ ማደንዘዣ፦ ያለፈበት ሰው አለ?

የኪያ እናት፦
ሰላም እናቶች። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። የተረከዙ ጅማት በጣም ስላጠረ በቀዶ ጥገና ሊረዝምለት ቀጠሮ ይዘናል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ማደንዘዣው ነው። ክብደቱ 13 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይጥለዋልም፣ ለዚሁ ጠዋትና ማታ የቫልፕሮኤት ሽሮፕ ይወስዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ ተብያለሁ። መድኃኒቱንስ ምን ላድርግ?

የሳሮን እናት፦
እህቴ አይዞሽ። የኔ ልጅ ሁለቴ ገብታለች። መጀመሪያ ጊዜ ጾም ነው ስለተባለ የጠዋቱን መድኃኒት አልሰጠኋትም፣ ማታ እዛው ተኝታ ጣላት። ሁለተኛው ላይ አስቀድሜ ጠይቄ በትንሽ ውሃ ሰጠኋት፣ ደህና ሆነች። የሚወስደውን ሁሉ ከነጠርሙሱ ይዘሽ ሂጂ።

የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፦
ልክ ነች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለጾም ተብሎ አይቋረጥም፣ ባክሎፌን (የተኮማተረ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት) የሚወስድ ልጅም ድንገት ማቆም የለበትም። ሰዓቱን ግን ከሚያደነዝዘው ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ። ተራው ስንተኛ እንደሆነም ጠይቂ፦ በተለመደው መመሪያ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት ይበቃል፣ 13 ኪሎ ልጅ ሌሊቱንም ረፋዱንም ጾሞ መዋል የለበትም። ቫልፕሮኤት ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ሕዋስ) ሊቀንስ ስለሚችል የደም ምርመራውን አስታውሻቸው። እንዲህ ያሉ ልጆች ሲቀጥኑ ቶሎ ይበርዳቸዋል፣ አነስ ያለ ማደንዘዣ ይበቃቸዋል፣ ለመንቃትም ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ሌላው ልጅ ነቅቶ ያንቺ ቢቆይ ወዲያው አትደንግጪ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳንባው ነው። ሲበላ ትን ይለዋል? ለሃጩ ብዙ ነው? ሰሞኑን አስሎታል?

የኪያ እናት፦
ትን ይለዋል! በተለይ ውሃ ሲጠጣ። ለማንም አልነገርኩም። መድኃኒቱን በውሃ ስሰጠው ትን ቢለውስ?

የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ፦
ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። እንዴት እንደሚሰጠው እነሱ ይወስኑ፣ አንቺ ብቻሽን አትወስኚ። ከገባም በኋላ ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባ የሚዘጋጁት ይህን ሲያውቁ ነው።

የአቤል አባት፦
አንድ ልጨምር። የኔ ልጅ አይናገርም፣ ሲያመው የግራ እጁን ይነክሳል። ይህን ለነርሶቹ ስላልነገርኳቸው የመጀመሪያውን ሌሊት ተነጫንጮ ነው ብለው አለፉት። ሕመሙ እግሩን ያኮማትረዋል፣ ጀሶ ውስጥ ሲኮማተር ደግሞ ሕመሙ ይብሳል፣ እንዲህ ሲሰቃይ ነጋ። ልጅሽ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫቸው፣ ሲነቃም አጠገቡ እንድትሆኚ ጠይቂ።

የኪያ እናት፦
የኔ ልጅ ሲያመው ጭራሽ ዝም ነው የሚለው። አሁን ጻፍኩት።