ግጥሜን ከቢት ጋር እንዴት ላስማማው? ውሉንስ ልፈርም?

ሰላም ለሁላችሁ። መድረክ ላይ ግጥም በቃሌ አቀርባለሁ፤ አሁን ወደ ሂፕ ሆፕ ገብቼ በዚሁ ሥራ መኖር እፈልጋለሁ።

ግጥሜ በአብዛኛው የወል ቤት ነው፤ ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በየክፍሉ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ያለው። በ90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) በሚሄድ ቢት ስለው ስንኙ ቀድሞ ያልቅና ቢቱ ባዶውን ይቀራል። ልሙላው ብዬ ስጎትተው ደግሞ መጥበቅ ያለበት ይላላና ትርጉሙ ይበላሻል። አቀናባሪው «እንደ ራፐር ፍጠን» ይለኛል። እኔ ግን የምወደው እ.ኤ.አ. በ1968 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ የተመሠረተው የገጣሚዎች ቡድን ላስት ፖየትስ እና አሜሪካዊው ገጣሚና ዘፋኝ ጊል ስኮት ሄሮን እንዳደረጉት ከበሮው ከኋላ ሆኖ ንግግሩ ሲቀድም ነው። በአማርኛ የሞከራችሁ፣ ስንኙን ትቆርጣላችሁ ወይስ ቢቱን ታዘገያላችሁ?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ውሉ ነው። ስቱዲዮው ቀረጻውን በነፃ ሊሠራልኝ፣ በምትኩ የግጥሙን መብት ጭምር ለዘለቄታው እንድፈርምለት ጠይቋል። የኔ ግጥም እኮ ነው! በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በድርሰቱ ላይ፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ በድምፅ ሪከርዲንጉ ላይ ለየብቻ መብት አላቸው። ታዲያ ቀረጻውን ብቻ ሰጥቼ፣ ግጥሙን መድረክ ላይ የማቅረብና በመጽሐፍ የማሳተም መብቴን ላስቀር እችላለሁ? እንዲህ ያለ ውል የተዋዋለ ሰው አንቀጹ እንዴት እንደሚጻፍ ቢያሳየኝ ውለታው ትልቅ ነው። መልስ የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነው፤ እባካችሁ።