የጦጣዋን ነገር ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ለጥምቀት ጎንደር ገብተህ ልጆቼ የለመዷትን የጦጣ ግልገል ወረቀት አስጨርሼ ይዣት አሜሪካ ብመለስስ ላልከው፣ አይሆንም ወንድሜ፣ እኔም ሜሪላንድ ነኝና የማውቀውን ልንገርህ። አሜሪካ ጦጣም ዝንጀሮም ለቤት ማሳደጊያ ማስገባት ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፣ ለምርምር ለትምህርትና ለኤግዚቢሽን ብቻ ነው ያውም በተመዘገበ አስመጪ፣ ስለዚህ አስከትቤ ካርጎ ከፍዬ ምናምን የሚባል መንገድ የለውም። ሜሪላንድ ደግሞ ጦጣ ቤት ማስቀመጡን ራሱ ከልክላለች። እንግሊዝ ያላችሁም ከኤፕሪል 6 2026 ጀምሮ ያለ ላይሰንስ ጦጣ ማሳደግ አይቻልም።

አገር ቤትም ቢሆን የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፣ ኢትዮጵያ ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ውስጥ ከገባች ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ፋሲል ግቢ ያለውን የአንበሳ ቤት እያየን ስላደግን፣ አጼ ቴዎድሮስም አንበሳ ነበራቸው እየተባልን፣ ነገሩ ቀላል ይመስለናል።

የዛሬ ሦስት አመት ጎንደር አዘዞ ዘመድ ቤት አንዲት ጦጣ ወገቧን ታስራ አየሁ፣ ገመዱ ጸጉሯን ጨርሶ ቆዳዋን ልጦታል፣ የተጣለላትን እንጀራ በሁለት እጇ ይዛ ትቆርሳለች ልክ እንደ ሰው። ልጄ አሳዘነቻትና ብስኩት ልትሰጣት ስትጠጋ ጣቷን ነከሰቻት። ቅዳሜ ማታ ነው፣ የእብድ ውሻ መርፌ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድንበት አለቀ አሉን፣ ሌላ ቦታ እስክናገኝ ድረስ የልጄን እጅ በሳሙና እያጠብኩ አለቀስኩ። ጦጣዋ ላይ አልፈርድም፣ ያሰራት ሰው ነው። ደግሞ እንዴት እንዳገኟት ስጠይቅ የቤቱ ልጅ ምንም ሳይመስለው ነገረኝ፣ እናትየዋን ገድለው ነው ከሆዷ ላይ የነቀሏት፣ ግልገል እኮ በህይወት ካለች እናቷ አትላቀቅም። የምትከፍለው ብር ሌላ እናት ያስገድላል።

ያንተዋን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች አስረክባት፣ እንደ ድሮ ጫካ መልቀቅ እንዳታስብ፣ ሰው የለመደች ናት አትተርፍም። ልጆቹን ደግሞ መንገዱ ሰላም ከሆነ ደባርቅ ይዘሃቸው ውጣ፣ ስካውት የሚባለውን የፓርክ ጠባቂ ይዘህ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ሳንቃበር ጋ ቁጭ በሉ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው በመንጋ ሳር እየነጨ ነው የሚውለው፣ ግልገሎቹም እናታቸው ጀርባ ላይ ናቸው።