የጃፓን የቼሪ አበባ ሰሞን፦ መቼ ይታያል? ሥርዓቱስ? ጾሙስ?

ቀበሌ 09 (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለቤቱ። ለአጭር ሥልጠና መጋቢት 12 ቶኪዮ እገባለሁ፣ እስከ መጋቢት 28 እቆያለሁ። ሳኩራ የሚሉትን የቼሪ አበባ በደንብ ማየት እፈልጋለሁ። በዚህ ጊዜ ይገኛል? ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የመብላቱ ልማድ ሥርዓቱ ምንድን ነው? ዐቢይ ጾም ስለሆነ ምን እበላለሁ? ችግኙስ ለደብረ ብርሃን ብርድ ይስማማ ይሆን?

ጣርማ በር፦
ቀኑን ጥሩ አድርገህ መርጠሃል። ቶኪዮ ላይ ብዙውን ጊዜ በመጋቢት አጋማሽ መፈንዳት ይጀምራል፤ እስኪፈካ አንድ ሳምንት ገደማ፣ እስኪረግፍ ደግሞ ሌላ ሳምንት ገደማ ነው። «አበባው ፈነዳ» የሚለውን ዜና ሰምተህ በማግሥቱ አትሩጥ። ያ ዜና የሚነገረው የአገሪቱ ሜትዎሮሎጂ ሰዎች በያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ባለችው መለኪያ ዛፍ ላይ 5 ወይም 6 አበባ ተከፍቶ ሲያዩ ነው፤ ዛፉ ገና እንቡጥ ነው። ጠብቅ የምልህ «ማንካይ» የሚባለውን ነው፤ 80 በመቶው ሲፈካ ይታወጃል።

ማንካይ ከታወጀ በኋላ ግን ለቅዳሜ አታሳድረው። አብዛኛው ዛፍ ሶሜይ ዮሺኖ የሚባል አንድ ዝርያ ነው። ቅርንጫፉን በሌላ ግንድ ላይ እየቀጠሉ ስለሚያባዙት ዛፎቹ በባሕርይ አንድ ናቸው፤ አብረው ይፈካሉ፣ አብረው ይረግፋሉ። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከመጣ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ብርድ ከተመለሰ ደግሞ ይቆያል።

ካመለጠህ ወደ ሰሜን ሂድ። ሰንዳይ የምትባለው ከተማ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከቶኪዮ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይፈካል። ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ወደ እኛ ስትመጣ አዝመራው እንደሚዘገየው ሁሉ፣ ናራ አጠገብ ያለው የዮሺኖ ተራራም 30,000 ገደማ ዛፉ ከግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ በየተራ ነው የሚያብበው።

መንዝ ጌራ፦
ስለ ሥርዓቱ። መቀመጫ ሸራ (ሰማያዊ ፕላስቲክ) ከ100 የን ሱቅ ይገዛል፤ ለአራት ሰው 2 ሜትር በ2 ሜትር ይበቃል። ሥሩ ላይ ሳይሆን ከግንዱ ራቅ አድርገህ አንጥፍ። የቼሪ ሥር ከላይ ነው የሚሄደው፣ አፈሩ በእግር ሲጠቀጠቅ ዛፉ ይታፈናል። ጫማህን አውልቀህ ነው ሸራው ላይ የምትወጣው። ጠዋት ቀድመህ ቦታ መያዝ የተለመደ ነው፣ ግን ሰው ይቀመጥበት፤ በብዙ ፓርኮች ጠባቂ የሌለው ሸራ ይነሳል።

ቅርንጫፍ ጎትቶ ፎቶ መነሣት ነውር ነው። የቼሪ እንጨት ከተሰበረበት ቦታ ቶሎ ይበሰብሳል። ቆሻሻህንም በከረጢት ይዘህ ተመለስ፣ ማጠራቀሚያ ላታገኝ ትችላለህ።

ኡኤኖ ፓርክ ጫጫታና መጠጥ ያለበት ነው፣ ማታ ፋኖስ ይበራል። ጸጥታ ከፈለግህ ሺንጁኩ ግዮኤን ይሻልሃል፤ መግቢያው 500 የን ነው፣ መጠጥ ክልክል ነው፣ አመሻሹ ላይ ይዘጋል። የተለያየ ዝርያ ስላለው ሶሜይ ዮሺኖ ከረገፈ በኋላም የሚያብብ አታጣም። እኔ ብሆን እዚያ ነበር የምሄደው።

ቀበሌ 09፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡና እዚያው ማፍላት ይቻላል?

መንዝ ጌራ፦
አይቻልም፤ በአብዛኛው ፓርክ እሳት ክልክል ነው። ማደሪያህ አፍልተህ በፔርሙስ ያዝ። መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ከሸራው በላይ አጥፈህ ብትቀመጥበት ጥሩ ነው።

እመ ጽዮን (አንኮበር)፦
ጾሙን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥጋና ወተት የሌለበት የሚመስለው ምግብ ሁሉ ጾም አይደለም፤ ሾርባውና አትክልቱ የሚቀቀልበት «ዳሺ» አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው። በሩዝ የሚሞላው ጣፋጭ የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ከረጢትም በዳሺ የተቀቀለ ነው። በማሸጊያው ላይ ያለው የአለርጂ ሠንጠረዥ አይበቃህም፤ እንቁላልና ወተት መጻፍ ግዴታ ነው፣ ዓሣ ግን በዚያ የግዴታ ዝርዝር ውስጥ የለም። የቅመሙን ዝርዝር በስልክህ አስተርጉመህ አንብብ።

የሰሞኑ ጣፋጮች ግን በአብዛኛው ለጾም ይሆናሉ። ሐናሚ ዳንጎ ከሩዝ ዱቄትና ከስኳር የሚሠራ በእንጨት የተሰካ ሦስት ድብልብል ነው፦ ሮዝ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። ሳኩራ ሞቺ ደግሞ ውስጡ ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ልቁጥ ነው፣ በጨው በተዘፈዘፈ የቼሪ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ቅጠሉ ይበላል። ከዚህ ሌላ የተጠበሰ ስኳር ድንችና ፍራፍሬ ያዝ።

ጣርማ በር፦
የችግኙን ጥያቄ ዘለልነው። እንቡጡ በጃፓን ሞቃት ወራት ይቋጠርና ይተኛል፤ የሚነቃው ለሳምንታት 5 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ብርድ ሲያገኝ ነው፣ ከዚያ ሙቀት ሲከተል ይፈነዳል። ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ፀሐይ ነው፣ የሌሊቱን ብርድ የቀኑ ሙቀት ይሽረዋል። ስለዚህ ዛፉ ቢጸድቅ እንኳ አበባው ተቆራርጦና ሳስቶ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። ጥቁር እንጨት የቼሪ ዘመድ ነው፣ የአገራችን ነው፤ መትከል ካማረህ እሱን ትከል። ከጃፓን ቅርንጫፍ ቆርጠህ በሻንጣ እንዳታመጣ፤ ያለ እፅዋት ጤና ማረጋገጫና ያለ ማስገቢያ ፈቃድ አይገባም።

ቀበሌ 09፦
እሺ፣ ሺንጁኩ ግዮኤን በሥራ ቀን፣ ማንካይ በታወጀ በማግሥቱ። ሸራና ፔርሙስ ይዣለሁ።

መንዝ ጌራ፦
ጠዋት በር ሲከፈት ድረስ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሰልፉ ይረዝማል።