የድንጋይ ክትር ለፒት መሬት ይሆናል?

ከዚራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ድሬ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ባሉት ቦረቦሮች ላይ በድንጋይና በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ክትር እንሠራለን። ኢንዶኔዥያም የፒት ደንን ለማዳን (ውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ በተከማቸ የቅጠልና የእንጨት ቅሪት ላይ የበቀለውን ማለቴ ነው) ማጠንፈፊያ ቦዮችን በክትር ይዘጋሉ። ሥራው አንድ ነው? ዛፍ መትከሉስ አይቀድምም?

ጁገል፦
አንድ አይደለም። የእኛ ክትር ጎርፉን አሳልፎ ደለሉን ያስቀራል፤ የእነሱ ግን ውሃውን ራሱን ለማቆየት ነው። ፒት አየር ካገኘ ይበሰብሳል፣ ካርቦኑም ወደ ሰማይ ይወጣል። በግምት የውሃው ጠለል 10 ሴ.ሜ. በወረደ ቁጥር ከአንድ ሄክታር በዓመት 9 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። የኢንዶኔዥያ ደንብ ጠለሉ ከመሬቱ ገጽ ከ40 ሴ.ሜ. በታች እንዳይወርድ የሚለው ለዚህ ነው።

ለፒት ጋቢዮን አይሆንም። እርጥብ ፒት አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ድንጋዩ ይሰምጣል። በቦዩ አግድም ሁለት ረድፍ ግንድ ይቸከልና መሐሉ ፒት በተሞላ ጆንያ ይጠቀጠቃል። ጫፎቹ ወደ ዳርቻው ጠልቀው ይግቡ፤ ክትሩ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ውሃው ጎኑን ቦርቡሮ ሲያልፍ ነው። አንድ ትልቅ ክትር ከመሥራት ብዙ ትንንሽ ይሻላል፣ ከላይና ከታች ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት 25 ሴ.ሜ. ገደማ ሆኖ።

ገንደ ቆሬ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ቦዩ ለነዋሪው መንገድ ነው፣ በጀልባ ይመላለስበታል። የጀልባ ማለፊያ ካልተተወለት ክትሩን ያፈርሰዋል፤ አይፈረድበትም። በማዕከላዊ ካሊማንታን (በቦርኔዮ ደሴት ያለ የኢንዶኔዥያ ክፍለ ሀገር) እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ 1 ሚሊዮን ሄክታር ሩዝ ይለማል ተብሎ ከ4,000 ኪ.ሜ. በላይ ቦይ ተቆፈረ። ሩዙ አልሆነም፤ በ1997 የደረቀው ፒት ነደደ፣ የኦራንጉታኑም መኖሪያ አብሮ ሄደ።

ስለ ዛፉ፦ ውሃው ሳይመለስ የሚተከል ችግኝ ማገዶ ነው። እሳቱ ከመሬት በታች እየተሳበ ላዩ ጠፍቶ እንኳ ለሳምንታት ይጨሳል። ውሃው ከተመለሰ በኋላ እርጥበት የሚችል አገር በቀል ዝርያ፣ ለምሳሌ ሾሪያ ባላንገራን፣ ጎርፍ እንዳይውጠው ጉብታ ላይ ይተከላል።

ከዚራ፦
ጠለሉ የሚለካው በምንድን ነው?

ጁገል፦
ዙሪያውን በተበሳ የፒቪሲ ቱቦ። ፒቱ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መትከል፣ አፉን መክደን፣ በሜትር እስከ ውሃው ድረስ መለካት። ከመሬት በላይ የቀረውን የቱቦ ቁመት መቀነስ አትርሱ፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስትለኩም ጣውላ ላይ ቁሙ፤ እግር ፒቱን ከረገጠው ገጹ ይወርድና ንባቡ ይሳሳታል።