በእጅ ዋጋ ላይ ስንት ይጨመር? የጅማ ጋራዦች ክርክር

ጠያቂ፦ ለመካኒኩ በሰዓት 50 ብር የሚከፍል ጋራዥ ደንበኛን ከ100 ብር በላይ ቢጠይቅ ልክ ነው? በሂሳብ ሶፍትዌሩ ላይስ ጭማሪው የት ይገባል? ጅማ ውስጥ ጋራዥ ያላችሁም፣ መኪና ያላችሁም ሐሳባችሁን ጣሉ። ስድብ ይቅር።

ባለጋራዥ፣ ፈረንጅ አራዳ፦ ምን ያከራክራል? ደሞዙን ለሰዓት አካፍላለሁ፣ 50 በመቶ እጨምራለሁ፣ አለቀ። 50 ብሩ 75 ይሆናል። ደንበኛም አያማርርም፣ እኔም አልከስርም።

የሂሳብ ሠራተኛ፣ ሂርማታ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እየከሰሩ ነው። ደሞዙ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ከተሠራ ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ነው፤ 50 ብር ያሉት እዚህ ድረስ ልክ ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር 55.50 ይሆናል። በዓመት 2,496 ሰዓት ሲባዛ 138,528 ብር።

ታዲያ ልጁ 2,496 ሰዓት ሙሉ መኪና ስር ይተኛል? የመጀመሪያ ዓመት ፈቃዱ ብቻ 16 የሥራ ቀን ነው። በዓል አለ። ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ መኪናው ተፈታቶ የሚቆምበት ቀን አለ። ለደንበኛ የሚቆጠረው 1,500 ሰዓት ከሆነ፣ አንዱ ሰዓት እርስዎን የሚያስወጣዎት 92.35 ብር ነው። እርስዎ ግን በ75 ይሸጡታል።

ባለጋራዥ፦ ኧረ ልጄ! እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ እንዴት ቆምኩ?

የሂሳብ ሠራተኛ፦ የመለዋወጫው ትርፍ እየደጎመዎት ነዋ። ደንበኛ የራሱን ዕቃ ይዞ ሲመጣ ፊትዎ የሚጠቁረው ለምን ይመስልዎታል?

አንድ ነገር ልጨምር። በ92.35 ላይ 25 በመቶ ሲጨምሩ 115.44 ይመጣል። «ከምሸጥበት ዋጋ ሩቡ ትርፍ ይሁን» ካሉ ግን ለ0.75 ማካፈል ነው፤ 123.13 ይሆናል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። 15 በመቶው ቫት ከዚህ በላይ ይመጣል፤ እሱ የመንግሥት እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ባለሚኒባስ፦ እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። መካኒኩ ሻይ ሲጠጣ የዋለበትን ሰዓት እኔ የምከፍለው በምን ዕዳዬ ነው? በእናንተ ስሌት ሥራ የጠፋበት ጋራዥ ውድ ይሆናል፣ ጎበዙ ይረክሳል።

ጠያቂ፦ እዚህ ላይ ከባለሚኒባሱ ጋር ነኝ፣ ግማሽ ድረስ። ፈቃድና በዓል ዋጋ ውስጥ መግባቱ ተገቢ ነው፤ ሕግ ያመጣው ነው። ባለቤቱ ዕቃ አስቀድሞ ባለማዘዙ የባከነው ሰዓት ግን የባለቤቱ ነው። 1,500ውን ባለፈው ደካማ ወር ላይ ተመርኩዞ ማውጣት ደንበኛን መቅጣት ነው።

መካኒክ፣ ቦሳ፦ ሁላችሁም ስለ እጄ ታወራላችሁ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። በ123 ተሽጬ 50 ይደርሰኛል። አሠሪው ኪራይና መሣሪያ አለው፣ ገባኝ። ግን የእጅ ዋጋው በጨመረ ቁጥር የኔ ቆሞ የሚቀር ከሆነ በፐርሰንት ልሥራ።

ባለጋራዥ፦ በፐርሰንት ሲሆንማ ቀጣዩን መኪና ለመያዝ ብላችሁ ብሎኑን ሳታጠብቁ ትሄዳላችሁ፤ አይቼዋለሁ። ይልቅ ልጄ፣ ሶፍትዌሩስ?

የሂሳብ ሠራተኛ፦ ኩዊክቡክስ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የማርክአፕ (በወጪ ላይ የሚጨመረው) ፐርሰንት የሚሠራው ለደንበኛው ተብሎ በወጣ ወጪ ላይ ነው። ከታይምሺት (ከሥራ ሰዓት መዝገብ) የሚመጣ ሰዓት በአገልግሎቱ ዋጋ ይገባል እንጂ በፐርሰንቱ አያድግም። ስለዚህ 123.13ን ራሱን ዋጋ አድርገው ይሙሉት። ፒችትሪ (አሁን ሴጅ 50 የሚባለውን) የሚጠቀሙ ከሆነ ታይም ቲኬቱ (የሰዓት መመዝገቢያው) ላይ በሠራተኛው ወይም በሥራው ዓይነት ማስከፈል ይቻላል። እኔ የሥራውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ሞተር ማውረድና ዘይት መቀየር እኩል አይከፈልም። ደረሰኙ ላይ ግን «ትርፍ» የሚል መስመር ለብቻ አይጻፉ፣ ጠብ ይጠራል።

ባለሚኒባስ፦ ትርፉን እንኳ ደብቁት። ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ ግን ጻፉልኝ። ባለፈው ፍሬን ሸራ ለመቀየር «ግማሽ ቀን» ተብዬ ከፍያለሁ፤ እዛው ቆሜ እያየሁ።

መካኒክ፦ ሰዓቱ ይጻፍ፣ እኔም እፈልጋለሁ። የጀመርኩበትና የጨረስኩበት።

ባለጋራዥ፦ መጻፉን እሺ። 123ቱን ግን ነገ ጠዋት ልለጥፍ ብል ግማሹ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ወደ 95 አውጥቼ ልየው።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ 95 ቢያንስ የመካኒኩን ወጪ ይሸፍናል፣ ጋሼ። ኪራዩን ግን ገና አልቆጠርነውም።