በእጅ የተሰራ ካይት፣ ንፋሱ ሲቀያየር ምን ታደርጋላችሁ?

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ሰላም ናችሁ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ካይት እየሰራን ነው፣ የሚሸጠውን ሳይሆን በእጃችን፣ ሁለት ሸንበቆ በመስቀል አስረን ካኪ ወረቀት በኮላ ለጥፈን፣ ጭራው ደግሞ የድሮ የካሴት ክር ነው፣ እናቴ ጋ ማንም የማይሰማው ካሴት በካርቶን ሞልቷል። የምናበረው ጃን ሜዳ ነው። ጠዋት ስንሄድ ጭራሽ አይነሳም፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ምናምን ሲሆን ደግሞ ይነሳና ዝም ብሎ ይሾራል ከዛ በአፍንጫው መጥቶ መሬት ይወጋል። አንዳንዴ ግን ምን እንዳደረግን ሳናውቅ ቀጥ ብሎ ላይ ይቆማል፣ ያኔ ልጁም እኔም አፋችንን ከፍተን ነው የምናየው። ለእያንዳንዱ ንፋስ ሌላ ካይት መስራት አለብኝ ወይስ ያንኑ ማስተካከል ይቻላል? እናንተስ የትኛውን ንፋስ ነው የምትወዱት? እኔ እስካሁን ጠንካራው ነው የሚመቸኝ፣ ክሩ እጅህን ሲጎትትህ ደስ ይላል፣ ግን ካይቱ አይተርፍም 😂

ፍሬንድ ዞን፦
ብሮ ካሴቱን ከመበጠሳችሁ በፊት እናትህን ጠይቅ፣ የሰርጓ ሊሆን ይችላል

ጉለሌ ማዶ፦
ክሩን የት ላይ ነው ያሰርከው? መሃል መስቀለኛው ላይ ብቻ ከሆነ ግማሹ ችግር እሱ ነው። በቁመቱ እንጨት ከላይ አንድ ከታች አንድ ቦታ ትበሳና ሁለቱን የሚያገናኝ ረገብ ያለ ክር ታስራለህ፣ እኛ ልጓም ነው የምንለው፣ እሱ ላይ ትንሽ ቀለበት አስገብተህ ዋናውን ክር ከቀለበቱ ታስራለህ። ከዛ በቃ ሁሉ ነገር ቀለበቱ ነው። ወደ አፍንጫው ጠጋ ስታደርገው ካይቱ ተኛ ይልና ንፋሱን ያሳልፋል፣ ለጠንካራ ቀን እሱ ነው። ወደ ጭራው ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ደረቱን ይሰጣል፣ ደከም ላለ ንፋስ ይሆናል። ግን በአንዴ ከጣት ወርድ በላይ እንዳታንቀሳቅሰው፣ ትንሽ ነገር ነው ብዙ የሚቀይረው። ስለዚህ አንድ ካይት ይበቃሃል።

መሾሩ የጭራ ነው። የካሴት ክር ያምራል፣ ሲያንጸባርቅ ደስ ይላል፣ ግን በጣም ቀላል ነው አይዝም። አሮጌ ሻሽ ወይ አንሶላ በቀጭኑ ቅደድና ቀጣጥለው፣ ቢያንስ የካይቱን ቁመት 5 እጥፍ ይሁን፣ ንፋሱ ሲበረታ 7ም 8ም አድርሰው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ዩቲዩብ ላይ ሰዎቹ ባህር ዳርቻ ቆመው ነው የሚያሳዩህ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ ሲተያይ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ እዛ የሚያነሳው ንፋስ እዚህ ላያነሳ ይችላል። ካኪውን ተውና ቀለል ያለ ነገር ፈልግ።

ስለ ንፋሱ ከጠየቅክ እኔ ለስለስ ያለውን ነው። በጠንካራ ንፋስ ማንም ያበራል እኮ፣ አስረኸው ማኪያቶ ልትጠጣ ትችላለህ። ደካማው ላይ ነው ሰውየው የሚታየው፣ ክሩን በእጅ በእጅ ስበህ ስበህ ካይቱ የራሱን ንፋስ ሰርቶ ከፍ ይላል፣ ለቀቅ ስታደርግለት ወደ ኋላ ይንሳፈፋል፣ እንደገና ትስባለህ፣ እንዲህ እያልክ ከላይ ያለው ንፋስ ጋ ታደርሰዋለህ፣ እዛ ከደረሰ በኋላ እሱ ይይዘዋል።

የድሮ አራዳ፦
ልጄ ጠዋት አለመነሳቱ የካይቱ ጥፋት አይደለም። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚያድረው፣ ኅዳር ሲታጠን የ12ን ጭስ አይተህ እንደሆነ ዝቅ ብሎ ተንጣልሎ ሰፈሩን ሲያፍን ነው የሚውለው፣ ንፋስ የለማ። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ ነው የላይኛው ንፋስ ወደ ታች የሚወርደው፣ ስለዚህ ከ8 ሰዓት በፊት አትልፋ። በበጋ ንፋሱ ባብዛኛው ከምስራቅ ነው፣ ክረምት ሲገባ ይገለበጥና ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይሆናል፣ የት እንደምትቆም በዛ አስላ።

ደግሞ ከየትኛው ዛፍ ኋላ እንደቆምክ እይ። ንፋስ ባህር ዛፍን ወይ ፎቅን አልፎ ሲመጣ ይተራመሳል፣ ከከፍታው ቢያንስ 7 እጥፍ መራቅ አለብህ፣ 20 ሜትር ዛፍ ከሆነ 140 ሜትር በለው። አሁን መሃል ከተማ ፎቁ በዝቶ ይሄ ቦታ የት አለ ትለኝ ይሆናል፣ እውነትህን ነው፣ የንግድ ባንኩ ዋና መስሪያ ቤት ብቻውን 209 ሜትር ነው፣ እሱ ሰፈር ካይት አይታሰብም። ጃን ሜዳ እስካሁን ሰፊ ነው፣ መሃሉ ግባ።

ጉለሌ ማዶ በልጓሙ ልክ ነህ፣ በጭራው ግን አልስማማም። አግዳሚውን እንጨት ከኋላ በክር ወጥረህ አጉብጠው፣ ክንፎቹ ወደ ኋላ ሲያዘነብሉ ራሱን በራሱ ያስተካክላል፣ ጭራ አያስፈልገውም። አሜሪካዊው ዊሊያም ኤዲ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንዲህ ያለ ጭራ የለሽ ካይት ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ ከሰማይ ፎቶ አንስቶበታል። ጭራ ያለ ምክንያት ወደ ታች የሚጎትት ሸክም ነው።

ጉለሌ ማዶ፦
ጋሼ አክብሬ ነው ግን የ9 ዓመት ልጅ ጭራ የሌለው ካይት ምን ያደርግለታል? ግማሹ ደስታ ጭራው እኮ ነው

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
8 ነው ዕድሜው 😂 ግን አዎ ጭራውን እሱ ነው የሚሰራው፣ ከቀማሁት ያለቅሳል

ዘጠነኛ ፎቅ፦
እኔ ደግሞ ሁለታችሁንም አልመርጥም፣ የምወደው ንፋሱ የሚቀያየርበትን ቀን ነው፣ የካቲት መጋቢት ላይ። መጀመሪያ አቧራው ሲነሳ ታዪዋለሽ፣ ከዛ የዛፎቹ ጫፍ ይጎነበሳል፣ ከዛ እጅሽ ጋ ይደርሳል፣ ሳይደርስ ክር መልቀቅ ከቻልሽ ካይቱ ሳይደነግጥ ያልፋል፣ ሲረግብ ደግሞ ቶሎ መሰብሰብ። ከቢሮ ወጥቼ እንደዛ አንድ ሰዓት ስቆም ስልኬን ራሱ አላስታውስም።

ቀትር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጭልፊቶቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ እየዞሩ ከፍ የሚሉበት ቦታ ካያችሁ እዛ የሞቀ አየር እየወጣ ነው። ካይቱ እሱ ውስጥ ሲገባ አናታችሁ ላይ ይመጣና ክሩ ላላ ይላል፣ ሰው ክሩ የተበጠሰ ይመስለዋል፣ ግን ካይቱ ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ያኔ አትሩጡ፣ ቀስ ብሎ ክሩን መሰብሰብ ብቻ፣ ከሞቀው ሲወጣ እንደገና ይወጠራል። እኔ ለዚህች ነው ምሳዬን የምዘለው።

ለወረቀቱ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ሞክሩ፣ ቀላል ነው፣ አይቀደድም፣ ካፊያም አይነካውም። ልጅ እያለን ፌስታል ነበር የምንጠቀመው፣ አሁን በአዋጅ ስለታገደ ሱቅ ላይ መጠየቅም አይመችም።

እባካችሁ ደግሞ ከኮንዶሚኒየም ጣራ ላይ ከልጅ ጋር እንዳትሞክሩት፣ ካይት የሚያበር ሰው እያየ ያለው ላይ ነው፣ ጠርዙን አያየውም። ኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ ተዉት፣ ባቡሩም ከላይ ሽቦ አለው። ክረምት ላይ ደመናው ሲጠቁር ክሩን ሰብስባችሁ ግቡ፣ እርጥብ ክር መብረቅ ያመጣል።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ሁላችሁም ኑሩልኝ። ልጓም ሰርተን ጨርቅ ጭራ አስረን ዛሬ ሄድን፣ መሾሩን ተወው!! ልጁ ክሩን ለማንም አልሰጥም ብሎ እኔ ተራ ጠባቂ ሆኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቆሞ ቆሞ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ቀለበቱን ብነካካውም ያው ነው።

የድሮ አራዳ፦
ቀለበቱ ከፍና ዝቅ እንጂ ግራና ቀኝ አያስተካክልም። አግዳሚውን እንጨት መሃሉን ጣትህ ላይ አስቀምጠው፣ ሸንበቆ አንድ ጎኑ ወፍራም ነው ሁሌም፣ የከበደውን ጎን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ሜዳ ላይ ከሆንክና ቢላ ከሌለህ በቀኝ ክንፉ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ እሰርበት፣ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። የካሴቱንም ክር እዛ ላይ ልትጠቀምበት ትችላለህ፣ እናትህ ከፈቀደች።