ነፍስ ከሞት በኋላ ሕያው ከሆነች የሥጋ ትንሣኤ ለምን አስፈለገ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሰሞኑን በአንድ ለቅሶ ቤት አንድ አዛውንት የሟቿን ልጆች ሲያጽናኑ «እናታችሁ እኮ በአብርሃም እቅፍ ናት፤ አፈር የገባው ሥጋ ብቻ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ማጽናኛነቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እያልን በየቀኑ እንጸልያለን። የጻድቃን ነፍስ በገነት ካረፈች፣ ሥጋቸው በመጨረሻው ቀን ከመቃብር መነሣቱ ምን ይጨምርላቸዋል? ደግሞስ የናይን መበለት ልጅ ከቃሬዛው ላይ፣ አልዓዛርም በአራተኛው ቀን ከመቃብር ከተነሡ በኋላ ክርስቶስ የሙታን በኩር የተባለው እንዴት ነው?

የሰንበት ተማሪ፦
ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብጀምር ይቀለኛል። አልዓዛርም የመበለቲቱ ልጅም የተነሡት ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ነው፤ ኋላም እንደ ማንኛውም ሰው ሞተዋል። እንዲያውም የካህናት አለቆች አልዓዛርን መልሰው ሊገድሉት እንደ ተማከሩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ተጽፏል። አወጣጡንም ልብ ይበሉ፦ ድንጋዩን ሌሎች አነሡለት፣ እጅና እግሩ እንደ ተገነዘ ወጣ፣ መግነዙንም ሌሎች ፈቱለት። ጌታችን ግን ሊቃውንቱ እንደሚሉት «መቃብር ክፈቱልኝ፣ መግነዝ ፍቱልኝ» ሳይል ተነሣ፤ ጴጥሮስና ዮሐንስ ሮጠው ሲደርሱ ያገኙት የተልባ እግሩን ልብስና ለብቻው የተጠቀለለውን የራስ ጨርቅ ነው። ከእንግዲህ ሞት አይገዛውም፤ በኩር የተባለውም ስለዚህ ነው።

ወደ መጀመሪያው ስመለስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ትንሣኤ ሙታንን ከአምስቱ አዕማደ ምስጢር፣ ማለትም ከዋና ዋናዎቹ የእምነት ትምህርቶች፣ የመጨረሻው አድርጋ የምታስተምረው ሰው ማለት ነፍስ ብቻ ስላልሆነ ነው። የጾመውና የሰገደው፣ ለድኻ እጁን የዘረጋው፣ የበደለውም ነፍስና ሥጋ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ነፍስ በገነት ብታርፍም ዋጋዋን በሙላት የምትቀበለው ከሥጋዋ ጋር ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን ሥጋውን ለሚበላና ደሙን ለሚጠጣ የሰጠውም ተስፋ «በመጨረሻው ቀን አስነሣዋለሁ» የሚል ነው። አዛውንቱ የተናገሩት የነገሩን ግማሽ ነው፤ ቅዱስ ቁርባን የተቀበለን ሥጋ አፈር ነው ብሎ ማለፍ ግን ለእኔ ይከብደኛል።

አንድ ወንጌላዊ አማኝ፦
ስለ ሙታን በሚደረግ ጸሎት ከእናንተ ብለይም በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነን። ሥጋን የነፍስ እስር ቤት አድርጎ ማየት ከጥንት ግሪኮች አንዳንድ ፈላስፎች የመጣ አስተሳሰብ ነው። ጳውሎስ በአቴና ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲናገር አንዳንዶች ያፌዙበትም ስለዚሁ ይመስለኛል፤ ነፍስ አትሞትም ብሎ ቢሰብክ ኖሮ ብዙዎቹ በጸጥታ ባዳመጡት ነበር። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 የሙታን ትንሣኤ የለም ለሚሉት የሰጠው መልስ የማያወላዳ ነው፦ ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም፤ ክርስቶስ ካልተነሣ ደግሞ ስብከታችንም እምነታችሁም ከንቱ ነው። በዚያው ምዕራፍ «መንፈሳዊ አካል» ሲል አካል አልባ መሆንን ማለቱ አይደለም። የተዘራችው ቅንጣት በሌላ ክብር ትበቅላለች እንጂ በእርስዋ ፈንታ ሌላ ነገር አይተካም። የተነሣው ጌታ በተዘጋ ቤት ገብቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ቆመ፤ ያው እርሱ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ በፊታቸው በላ። ለቶማስም ያሳየው የችንካሩን ምልክት ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የበኩርነቱ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። ነገር ግን በስደት መንገድ ላይ ባሕር የበላቸው፣ እሳት የፈጃቸው፣ መቃብር እንኳ የሌላቸው ወገኖችስ? ቤተሰቦቻቸው ይህን ሲጠይቁ ምን ይባላል?

የሰንበት ተማሪ፦
ጥያቄው በሰማዕታት ዘመንም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ177 በጎል አገር (በዛሬዋ ፈረንሳይ) በሊዮን ከተማ ክርስቲያኖች በተገደሉ ጊዜ አሳዳጆቹ ሬሳቸውን ለቀናት ሜዳ ላይ አቆይተው አቃጠሉት፤ አመዱንም ሮን ወንዝ ውስጥ ጣሉት። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንዳስተላለፈልን ይህን ያደረጉት ሰማዕታቱን ከትንሣኤ ተስፋ ለማስቆረጥ ነው፤ ሞትን እንዲንቁ ያደረጋቸው ይህ ተስፋ መሆኑን ጠላቶቻቸውም ተረድተውት ነበርና። የተረፉት ወንድሞቻቸው አስከሬኑን ባለመቅበራቸው እጅግ ቢያዝኑም በሰማዕታቱ ትንሣኤ ላይ ተስፋ አልቆረጡም፤ ሰውን ከምድር አፈር የፈጠረ አምላክ አመዱ የት እንደ ደረሰ አይጠፋበትምና። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 20 ደግሞ ባሕር በእርሱ ውስጥ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ በግልጽ ተጽፏል። ለቤተሰቦቹ ይህን ምንባብ አብረዋቸው ቢያነቡላቸው መልካም ነው፤ ፍትሐቱንና ተዝካሩን በተመለከተ ግን የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።